በሰው ኮምፒውተር የተሰጠ ሶደቃ

ለመሆኑ አንድ ሰው ቢሰጠውም ቢተወውም ምንም የማይጎድልበትን ነገር ሲሰጥ፣ ሰጠ ይባላልን? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከእራት የተረፈውን ለጎረቤት የላከ፣ የማይለብሰውን ካፖርት ለችግረኛ ያለበሰ ሁሉ በልቡ አንስቶት ያውቃል። እኔን ግን ጥያቄው የገጠመኝ በምግብም በልብስም ሳይሆን በኮምፒውተር በኩል ነውና ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ኮምፒውተር አብዛኛውን ዕድሜውን ሥራ ፈትቶ የሚያሳልፍ መሣሪያ ነው። ደብዳቤ ስንጽፍበት እንኳ ከማስላት ኃይሉ የምንጠቀመው ጥቂቱን ነው። ይህን የተመለከቱ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቪጄይ ፓንዴ መሪነት እ.ኤ.አ. በ2000 «ፎልዲንግ አት ሆም» የተባለ ፕሮጀክት ጀመሩ። ዓላማቸው በሰውነታችን ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች እንዴት እንደሚታጠፉና እንደሚንቀሳቀሱ በስሌት መከታተል ነበር። ፕሮቲን እንደ ረጅም ሰንሰለት ያለ ነገር ሲሆን ሥራውን በአግባቡ የሚሠራው ትክክለኛ ቅርጹን ይዞ ሲታጠፍ ነው፤ አስተጣጠፉ ሲበላሽ እንደ አልዛይመርና ፓርኪንሰን ካሉ በሽታዎች ጋር ይያያዛል። የእያንዳንዷን አቶም እንቅስቃሴ ማስላት ግን አንድ ኮምፒውተር ብቻውን የሚዘልቀው አይደለም። ስለዚህ ሥራውን ቆራርሰው በኢንተርኔት ለፈቃደኞች ያከፋፍላሉ። ፈቃደኛው ፕሮግራሙን ይጭናል፤ ፕሮግራሙ ድርሻውን ይወስዳል፣ ያሰላል፣ ውጤቱን ይመልሳል፣ ሌላ ድርሻ ይወስዳል። ባለቤቱ ተኝቷል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ዓለምን ሲያስጨንቅ የነዚህ ፈቃደኞች ቁጥር በጥቂት ወራት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደረሰ። የኮምፒውተሮቻቸው ድምር አቅም በሰከንድ ከአንድ ቢሊዮን ቢሊዮን ስሌት አለፈ። ተመራማሪዎቹ በ2021 ባሳተሙት ጥናት እንደገለጹት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ያ ሁሉ ማሽን ተደምሮ ያሰላው የቫይረሱን ፕሮቲኖች የ0.1 ሰከንድ እንቅስቃሴ ነው። አንድ አሥረኛ ሰከንድ! ሆኖም በዚያች ቅጽበት ውስጥ ቫይረሱ የሰውን ሕዋስ የሚይዝበት ፕሮቲን አፉን እንዴት እንደሚከፍት፣ መድኃኒት ሊያርፍባቸው የሚችሉ የተሸሸጉ ጎድጓዶችም የት እንዳሉ ታየ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እስካሁን ይደንቀኛል።

እኔ ፕሮግራሙን የጫንኩት በዚያው ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም. ነበር። መስጊዶች የተዘጉበት፣ የረመዷንን ተራዊሕ በየቤታችን የሰገድንበት ዓመት መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። ሐኪም አይደለሁም፤ የሚረባ ገንዘብም አልነበረኝም። ያኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ግን አራት ጥሩ ኮምፒውተሮች ነበሩ። ሠራተኛው በተራ ይገባ ስለነበር ብዙውን ጊዜ ያለ ሥራ ይቀመጣሉ። በአራቱም ላይ ጫንኩና ማታ ማታ ሳላጠፋቸው መሄድ ጀመርኩ። ለማንም አልነገርኩም። እውነቱን ለመናገር አለመናገሬን ራሱ እንደ ኢኽላስ ቆጥሬው ነበር፤ ቀኝ የሰጠውን ግራ አይወቀው በሚል።

ሁለት ሳምንት ያህል እንደሄደ አንድ ጠዋት የሌሊት ጥበቃው በር ላይ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ እነዚያ ማሽኖች ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኹ ነው የሚያድሩት። ክፍሉ ይግላል። እሳት እንዳይነሳ ፈርቼ ሁለት ጊዜ ተነስቼ አየሁ። ለማን ነው የሚሠሩት?»

«ለበሽተኞች ነው፣ ጋሼ» አልኩና እንደምንም አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ «ጥሩ ነው። ሐጂ ያውቃሉ?» አሉኝ።

ሐጂ የመሥሪያ ቤቱ ባለቤት ናቸው። አያውቁም ነበር።

እዚህ ላይ «ታዲያ ምን ችግር አለው? ያው ሊባክን የነበረ ነገር ነው፤ ከብክነት ማዳን ደግሞ ኢስራፍን መከላከል ነው» የሚል ወገን ይኖራል። እኔም ራሴን ያጽናናሁት በዚሁ ነበር። ነገር ግን ክርክሩ የተመሠረተው በተሳሳተ ምሳሌ ላይ ነው። የተረፈ ምግብ አስቀድሞ የበሰለ ነው፤ ባይሰጥ ይበላሻል። የኮምፒውተር ትርፍ ግን ገና ያልበሰለ ነው፤ የሚበስለው ስንሰጠው ነው። ሥራ የፈታ ኮምፒውተር የሚፈጀው ኤሌክትሪክ በሙሉ ኃይሉ ሲያሰላ ከሚፈጀው በእጅጉ ያነሰ ነው። አንዱ ማሽን ተጨማሪ 100 ዋት ቢወስድ እንኳ በአሥር ሰዓት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። አራቱ በሌሊት አራት፣ በወር 120 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ሂሳቡ የሚያስደነግጥ አይደለም። ቢሆንም ሂሳብ ነው፤ ከፋዩም እኔ አልነበርኩም።

ነገሩ እረፍት ቢነሳኝ እንዲህ ያደረገ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ፈለግሁ። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የአንድ ቴክኒክ ኮሌጅ የኮምፒውተር ሠራተኛ የዚህ ዓይነት ፕሮግራም በኮሌጁ ማሽኖች ላይ ጭኖ ተከስሶ ኖሯል። የእሱ ለሕክምና ሳይሆን የምስጢር ቁልፍ ለመፍታት የተዘጋጀ ውድድር ነበር። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2002 በስምምነት ሲያበቃ የአንድ ዓመት የገደብ ቅጣት፣ 2,100 ዶላር ካሳና የ80 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ደረሰበት። በእኔ አስተያየት ሰውየውን በወንጀል ማስከሰስ ከልክ ያለፈ ነበር፤ ሊመከር እንጂ ሊከሰስ አይገባውም ነበር። ግን ክሱ ስለበዛ ድርጊቱ ትክክል ነበር ማለት አይቻልም።

ሄጄ ለሐጂ ነገርኳቸው። ስለ ኤሌክትሪኩ ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ስለ ኤሌክትሪኩ አንድም ቃል አልተናገሩም። ዝም ብለው ቆዩና «ለበሽተኛ ነው አልክ?» አሉኝ። «አዎ፣ ሐጂ።» «እንግዲያ ለምን ከለከልከኝ?» አሉ። አልገባኝም። «ከእኔ ቤት ለበሽተኛ ሲወጣ እኔ ተኝቻለሁ። ነግረኸኝ ቢሆን እነይትበት ነበር።»

ፈትዋ መስጠት የዑለማዎች ድርሻ ነው፤ እኔ የደረሰብኝን ብቻ ነው የማወራው። አማናን መጠበቅ ማለት የሰውን ንብረት አለመውሰድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሐጂ አነጋገር ግን ሌላ ነገር አሳየኝ። የወሰድኩት ኤሌክትሪኩን ብቻ ቢሆን ከደሞዜ ይቆረጥ ነበር። ሰውየው ሊነይቱበት ይችሉ የነበረውን ሁለት ሳምንት ግን በምን ልመልሰው? ደግሞስ ያ ሁሉ ሌሊት የተሰጠው የማን ሶደቃ ነበር? የእኔ እንዳይባል ንብረቱ የእኔ አይደለም። የሳቸው እንዳይባል አያውቁም።

ሐጂ በኋላ ሁለቱ ማሽኖች እንዲያድሩ ፈቀዱ፤ ሁለቱ ይጥፉ አሉ። ጥበቃውም መስኮት ከፍተው እንዲያድሩ ታዘዙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፕሮጀክቱ ለእያንዳንዱ ፈቃደኛ ነጥብ ይሰጣል፤ ደረጃም ያወጣል፤ ሰዎች በቡድን ተደራጅተው ይፎካከራሉ። ፉክክሩ ብዙ ሰው እንደሚያተጋ አልክድም። እኔ ግን በዚያን ሰሞን ከሱብሒ በኋላ መጀመሪያ የማየው ነጥቤን እንደነበር ሳስታውስ አፍራለሁ። ለሰው አልተናገርኩም ብዬ ከሪያእ የዳንኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለራሴም መታየት ይቻላል።

ዛሬ የምሠራው ሌላ ቦታ ነው፤ ፕሮግራሙ ያለው በቤቴ ላፕቶፕ ላይ ነው። ድርሻው ቀነ ገደብ አለው፤ በጊዜው ካልተመለሰ ለሌላ ሰው ይሰጣል። እንደኛ ሰፈር መብራት በሚመላለስበት ቦታ ደግሞ ድርሻ ወስዶ ማዘግየት ቀላል ነው። እኔ አማና ይዤ ስዘገይ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ ከገባኝ ወዲህ ትንንሹን ሥራ ብቻ እንዲወስድ፣ በሳምንት ሦስት ሌሊት ብቻ እንዲሠራ አድርጌዋለሁ። ነጥቤን ማየትም ትቻለሁ። ባለፈው ወር የመብራት ካርዱ ከወትሮው ቀድሞ አለቀብን። ለባለቤቴ ምክንያቱን ነገርኳትና ላቁመው ወይ ስል ጠየቅኋት።

«ካርዱን የምሞላው እኔም ነኝ አይደል?» አለች።

«ነሽ።»

«እንግዲያ ይደር። ግን ማታ ስትከፍተው ንገረኝ።»