ለመንገደኛ የተገባ ቃል

ማክዶናልድስ ይሻላል ወይስ በርገር ኪንግ፣ ኬኤፍሲ ወይስ ፖፓይስ የሚል ክርክር ሲነሳ ሁሉም ምላሱን ምስክር አድርጎ ይቀርባል። አንዱ የዶሮውን ቅርፊት ያወድሳል፤ ሌላው ሥጋው ደርቋል ይላል፤ ሦስተኛው ዋጋውን ጠርቶ ነገሩን ሊዘጋው ይሞክራል። የጨዋታ ክርክር ይመስላል። ከሥሩ ግን ፈላስፎች ዘመናቸውን ሙሉ የተጨቃጨቁበት ጥያቄ አለ፦ አንድን ነገር ጥሩ የሚያሰኘው ምንድን ነው? ዳኛውስ ማን ነው? የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፤ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ምግብ ቤት ከምግቡ አስቀድሞ የሚሸጠው ቃሉን ነው። ስለዚህ እነዚህን ቤቶች ስናወዳድር መጀመሪያ ልንመዝን የሚገባን ምን ቃል እንደገቡና እንዴት እንደጠበቁት ነው። ጣዕም በዚህ ሚዛን ውስጥ ቦታ አለው፤ ሚዛኑን ለብቻው ግን አይደፋም።

የነዚህን ቤቶች አጀማመር ያየ ሰው ይህን ለመቀበል ብዙም አይቸገርም። ፍሬድ ሃርቪ የተባለ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1876 ካንሳስ ውስጥ በቶፒካ ባቡር ጣቢያ ምግብ ቤት ሲከፍት፣ የአሜሪካ የባቡር መንገደኛ በየጣቢያው የሚቀርብለትን የሚበላው እየተማረረ ነበር። ባቡሩ ጥቂት ቆሞ ይሄዳል፤ ተሳፋሪው ወርዶ ያገኘውን ጎርሶ ይሮጣል። ባለ ምግብ ቤቱ ያ ሰው ዳግመኛ ዓይኑን እንደማያሳየው ያውቃል፤ ታዲያ ለምን ይጨነቅለት? ሃርቪ በሳንታ ፌ የባቡር መስመር ላይ ቤቶቹን እያከታተለ ሲከፍት ይህ ስሌት ፈረሰ። አንዱ ጣቢያ ላይ የተከፋ መንገደኛ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ያለውን የሃርቪ ቤት አልፎ ይሄዳላ! የማይመለሰው እንግዳ በስሙ አማካይነት ተመላላሽ ደንበኛ ሆነ ማለት ነው። ዋይት ካስል በ1921 እዚያው ካንሳስ፣ ዊቺታ ከተማ ሲከፈትም ችግሩ የመተማመን ነበር። አፕተን ሲንክሌር በ1906 ባሳተመው ልብ ወለድ የቺካጎን የሥጋ ፋብሪካዎች ገመና ካወጣ ወዲህ፣ የተፈጨ ሥጋ ምን ተቀላቅሎበት ይሆን ተብሎ የሚጠረጠር ነገር ሆኖ ነበር። ዋይት ካስል ግድግዳውን ነጭ አደረገ፤ ሥጋውንም ደንበኛው እያየ ጠበሰው። በርገሩ ከሌላው ሰው በርገር በጣዕም ይብለጥም አይብለጥም፣ የተሸጠው ግን ያ ነጭነት ነበር።

ነገሩን በንድፈ ሐሳብ ያስቀመጠው የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ ነው። በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈውና በኋላ ለኖቤል ሽልማት ባበቃው ጽሑፍ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ ውስጥ መጥፎው ዕቃ ደህናውን እንዴት እንደሚያባርረው አሳይቷል። እዚያው ጽሑፍ ውስጥ፣ እንደ ዘበት አልፎት የሚሄድ በሚመስል ቦታ፣ ስለ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ምግብ ቤቶች ይናገራል። እነዚህ ቤቶች በብዛት የሚገኙት ከከተማ ከተማ በሚያገናኙ አውራ ጎዳናዎች ላይ ነው፤ ደንበኞቻቸውም አብዛኛውን ጊዜ የአገሩ ሰዎች አይደሉም። ከአካባቢው መካከለኛ ምግብ ቤት የተሻለ በርገር ያቀርባሉ፤ ሰፈሩን የሚያውቅ ነዋሪ ግን ከእነሱ የሚበልጥበትን ቤት መርጦ ማግኘት ይችላል። የዚህ ሐሳብ ሁለት ግማሾች እኩል መነበብ አለባቸው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይዞ ቤቶቹን ያወድሳል፤ ወይም ሁለተኛውን ብቻ ይዞ ይንቃቸዋል።

አሁን ተቃውሞ ይመጣል። በጣዕም ጉዳይ ዳኛ የለም፤ ላንተ የጣፈጠህ ለእኔ ላይጣፍጠኝ ይችላል፤ ምን ያወያያል? ፈላስፋው ካንት በ1790 ይህንኑ ብሎ ነበር ማለት ይቻላል፤ የካናሪ ወይን ጠጅ ደስ ያሰኛል የሚል ሰው ‘ለእኔ’ የምትለዋን ቃል መጨመር አለበት፤ የውበት ፍርድ የሁሉንም ሰው ስምምነት ሲጠይቅ የምላስ ደስታ ግን የባለቤቱ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሌላው ፈላስፋ ሂዩም ከእሱ ቀድሞ፣ በ1757፣ ሌላ መንገድ ሞክሯል። ዶን ኪሾቴ ከተባለው ልብ ወለድ የወሰዳት ታሪክ አለችው፦ ሁለት ቀማሾች ከአንድ በርሜል ወይን ይቀምሳሉ፤ አንዱ ጥሩ ነው ግን የቆዳ ጣዕም አለው ይላል፣ ሌላው ጥሩ ነው ግን ብረት ብረት ይለኛል ይላል። ሰው ሁሉ ይስቅባቸዋል። በርሜሉ ሲገለበጥ ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው ቁልፍ ይገኛል። ለሂዩም የሠለጠነ ምላስ በእርግጥ ያለውን ነገር ያገኛል፤ ስለዚህ ዳኛ አለ።

የሂዩምን ታሪክ እወዳታለሁ፤ ይሁንና ለእኛ ጉዳይ አትበቃም። በርሜሉ ውስጥ ቁልፍ ኖሮ ቀማሹ ሁሉ ሳያውቀው ቢቀርስ? ይህ በእርግጥ ሆኗል። ማክዶናልድስ በ1990 አሜሪካ ውስጥ ድንቹን በከብት ሞራ መጥበስ ትቶ በአትክልት ዘይት እንደሚጠብስ አስታወቀ። ሥጋ የማይበሉ ሰዎችና በሃይማኖታቸው ከከብት ሥጋ የሚርቁ ሂንዱዎች ይህን ሰምተው በሉ። ድንቹ ውስጥ ግን ከከብት የተገኘ ማጣፈጫ ነበረበት፤ ኩባንያው ‘ተፈጥሯዊ ቅመም’ ከሚለው ስያሜ ጀርባ አስቀምጦታል። ጉዳዩ በ2001 ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በማግስቱ ዓመት ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ገንዘቡም በአብዛኛው ለሂንዱና ለአትክልት ተመጋቢ ማኅበራት የሚውል ነበር። ልብ በሉ፣ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ድንቹ በጣዕሙ ስሙ የገነነ ነበር። የተበደሉት ሰዎች ምላሳቸው አልተበደለም፤ እንዲያውም ሳይደሰቱ አልቀሩም። የተበደሉት በተነገራቸው ነገር ነው። ጥራት የምላስ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች የሚከሱበት ነገር አይኖራቸውም ነበር። የሚከሱበት ነገር እንዳላቸው ግን ማንም ይስማማል።

ዋሽንግተን ወይም ሲያትል ሆኖ ዐቢይ ጾምን የሚጾም ኦርቶዶክሳዊ ይህን ነገር ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባዋል። ድንች ነው፣ በዘይት ተጠብሷል፣ ምን አለበት ብሎ ያዝዛል። ማክዶናልድስ ራሱ በአሜሪካ በሚያወጣው የግብዓት ዝርዝር ላይ ግን የድንቹ ማጣፈጫ ከስንዴና ከወተት የተገኘ ነገር እንዳለበት ሰፍሯል። አሁን ተጽፏልና ማንበብ የሰውየው ፈንታ ነው፤ ቤቱን በውሸት አንከስሰውም። ነገር ግን ለዚህ ሰው የሁለት ቤቶች ድንች ቢወዳደር፣ የሚለየው ምን ያህል ይንኮሻኮሻል የሚለው አይሆንም። ‘ይህ የጾም ነው?’ ብሎ ሲጠይቅ አስተናጋጇ አጣርታ ትመልስለታለች ወይስ ዝም ብላ ራሷን ትነቀንቃለች? ሐላል የሚጠይቅ ሙስሊምም፣ ካሽሩት የተባለውን የምግብ ሕግ የሚጠብቅ አይሁዳዊም ፈተናው ይኸው ነው።

ከዚህ የሚጠነክር ተቃውሞ አለ። ቃል መጠበቅ ብቻውን ምን ያስመሰግናል? ወንበዴም ለግብረ አበሩ ቃሉን ይጠብቃል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ መጥፎ ምግብ ያው መጥፎ ነው፤ በየከተማው መደጋገሙ ጥፋቱን ያበዛዋል እንጂ አያሳንሰውም። ይህ ተቃውሞ በእርግጥ ከባድ ማስረጃ አለው። በ1993 ጃክ ኢን ዘ ቦክስ የተባለው ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ምግብ ቤት ባቀረበው በደንብ ያልበሰለ በርገር ምክንያት ዋሽንግተን ግዛትን ጨምሮ በምዕራብ አሜሪካ ከ700 በላይ ሰዎች ኢ. ኮላይ በተባለ ባክቴሪያ ታመሙ፤ 4 ልጆች ሞቱ። የዋሽንግተን ግዛት ሥጋው እስከ 68 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ድረስ እንዲበስል ያዝዝ ነበር፤ ቤቱ ግን ይጠቀም የነበረው ዝቅ ያለውን የፌዴራል ልክ፣ 60 ዲግሪን ነው። የአንድ ሰፈር ባለ ምግብ ቤት ቢሳሳት የሚጎዳው ሰፈሩን ነው፤ እዚህ ግን አንዱ ስሕተት ደንብ ሆኖ በየቅርንጫፉ ተባዛ።

መልሴ፣ ተቃውሞው ቃሉን አጥብቦ ያየዋል የሚል ነው። ምግብ ቤት የሚገባው ቃል ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በማስታወቂያ የሚነገረው ነው፤ ትኩስ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ትናንት የበላኸው ዓይነት ነው። ሌላው ሳይነገር የታወቀው ነው፤ አልጎዳህም፣ አላታልልህም። ሁለተኛው በሌለበት የመጀመሪያው ዋጋ የለውም፤ የወንበዴው ቃልም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ጃክ ኢን ዘ ቦክስ አንድ ዓይነት በመሆን ረገድ አልጎደለም፤ የጎደለው ባልተነገረው ቃል ነው። ከዚያ መከራ በኋላ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በ1994 ያ ባክቴሪያ የተገኘበት የተፈጨ ሥጋ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ሲወስን፣ ያልተነገረውን ቃል ወደ ሕግ ለወጠው ማለት ይቻላል። ደንብ ሲባዛ የሚባዛው ስሕተት ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ሌላ ታሪክ ያሳያል። ዣክ ፔፓን የተባለው ፈረንሳዊ ምግብ አብሳይ በ1960 ገደማ ዋይት ሀውስ ለኬኔዲ እንዲያበስል ተጠይቆ ሳለ ትቶት ሃዋርድ ጆንሰንስ ይባል ወደነበረው የአውራ ጎዳና ምግብ ቤት ገባ። ከወገኑ ከፒየር ፍራኔ ጋር ሆኖ በብዙ ቅርንጫፎች ለሚቀርብ ምግብ አዘገጃጀት ሲያሻሽል ዓመታት አሳለፈ። አንድ ድስት ሾርባ ያሻሻለ ሰው፣ እዚያ ቤት ከሆነ፣ መላ አገሩ የሚበላውን ሾርባ ያሻሽላል።

ስለ ቃል ስናወራ ግን አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ ቃሉን የሚገባውና የሚፈጽመው ሰው አንድ አይደሉም። የማክዶናልድስ ቅርንጫፎች ከ90 በመቶ በላይ የሚንቀሳቀሱት በፍራንቻይዝ ነው፤ ስሙና ደንቡ የኩባንያው፣ ቤቱና ሠራተኛው የሌላ ነጋዴ። ኩባንያው ከ1961 ጀምሮ ሃምበርገር ዩኒቨርሲቲ ብሎ በሰየመው ማሠልጠኛ ሥራ አስኪያጆችን ያስተምራል፤ ደንቡ በጥራዝ ተጽፏል። ደንብ ብቻውን እንደማይበቃ ለማየት የተጠበሰውን ድንች ቀረብ ብለን እንየው። ከዘይት ሲወጣ ላዩ ደረቅና ቀጭን ቅርፊት ነው፤ ውስጡ እንፋሎት ነው። ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ እንፋሎቱ እየወጣ ቅርፊቱን ያረጥበዋል፤ ድንቹ ይልፈሰፈሳል፤ ከዚያ ወዲያ መልሶ የሚያድነው ነገር የለም። ደንቡ ጊዜው ያለፈበትን ጣለው ይላል። መጣያው አጠገብ የቆመው ግን በሰዓት የሚከፈለው ልጅ ነው፤ ወረፋው በር ድረስ ደርሷል፤ ኃላፊው ስለ ብክነት ጧት ተቆጥቷል። ይጣለው ወይስ ይስጠው? የቤቱ ጥራት በዚያች ቅጽበት የሚወሰነው በዚህ ልጅ ነው። ስለዚህ አንድ ቅርንጫፍ አንድ ቀን ገብቶ ‘እነዚህ ከእነዚያ ይሻላሉ’ የሚል ሰው ያወዳደረው ሁለት ኩባንያዎችን ሳይሆን ሁለት ወጥ ቤቶችን፣ ምናልባትም ሁለት ወረፋዎችን ነው። በይነመረብ ላይ የሚወጡ የደረጃ ሰንጠረዦች አብዛኞቹ ከዚህ አይዘሉም።

ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉም የሚቀርበው ተቃውሞ የመጨረሻው ይመስለኛል። እኛ መስተንግዶን የምናውቀው ከአብርሃም ነው። በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስት እንግዶች ሲያይ ሮጦ ተቀበላቸው፤ እግራቸውን የሚታጠቡበት ውኃ አስቀረበ፤ ጥጃ አሳረደላቸው፤ ሲበሉም አጠገባቸው ቆመ። ከዚህ አንጻር በቁጥር የሚጠራ፣ በትሪ የሚሰጥ፣ ‘ቀጣይ!’ የሚል ቤት ምን መስተንግዶ አለው? እውነት ነው፣ የለውም። ነገር ግን አብርሃም ገንዘብ አልተቀበለም፤ እንግዳውም በጥጃው ጣዕም ላይ ቅሬታ የማቅረብ መብት አልነበረውም። የሚከፈልበት ምግብ በሌላ ሕግ ሥር ነው ያለው፤ ኦሪት ዘዳግም በከረጢት ውስጥ ትልቅና ትንሽ ሁለት ሚዛን መያዝን በሚከለክልበት ሕግ። ያ ሕግ ነጋዴውን ለጋስ ሁን አይለውም፤ ለሚያውቅህ አንድ ሚዛን፣ ለማያውቅህ ሌላ አታድርግ ነው የሚለው። ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ምግብ ቤት ለጋስ መሆን አይችልም፤ በዚህ መንገድ ግን ትክክለኛ መሆን ይችላል። ቋንቋው ያልተፈታለት አዲስ ስደተኛ ሥዕሉን ጠቁሞ ‘ቁጥር ሦስት’ ሲል፣ ከፊቱ የነበረው ፈረንጅ ያገኘውን ያንኑ በዚያው ዋጋ ያገኛል። ባለቤቱ የሚያውቃቸውን ብቻ ደህና አድርጎ የሚያበላ የሰፈር ቤት ይህን ሁልጊዜ አይሰጠውም።

እዚህ ላይ የአከርሎፍ ሐሳብ ሁለተኛ ግማሽ ይመለሳል። ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ጥበቃ ያን ያህል አያስፈልገውም። ፒዛ ሃት በ2018 አዲስ አበባ ሲገባ ከፊቱ የጠበቀው በአብዛኛው ነዋሪ ነበር፤ የትኛው ሥጋ ቤት ሥጋው እንደማይታማ፣ የትኛው ሽሮ ቤት ቅዳሜ ቀን እንደሚያበላሽ የሚያውቅ ሰው። ለእሱ የስሙ ዋስትና ርካሽ ነው፤ ምግቡን እንደ ምግብ፣ ከሚያውቃቸው ቤቶች ጋር አስተያይቶ ሊፈርድበት ይችላል፤ ጨክኖ ቢፈርድም ያምርበታል። ዛሬ ከአውሮፕላን የወረደ እንግዳ ግን ያንኑ ፒዛ ከዚያ በላይ ቢያወድሰው አልተሳሳተም፤ የከፈለው ላላወቀው ከተማ ጭምር ነውና። ካንት ‘ለእኔ’ በሉ ያለው ለምላስ ነበር። እዚህ ግን ‘ለእኔ’ የሚያሰኘው ሰውየው አገሩን ማወቁና አለማወቁ ነው፤ ይህ ደግሞ ማንም ጠይቆ ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ነው።