የፍጥነት ዕዳ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ያገሬ ሰው። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ የገባኝ ግን እጅግ ዘግይቶ፣ ያውም በአንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ውስጥ ቆሜ፣ መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ሲቀርብልኝ ነው። ጠያቂዋ ጎረቤቴ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ የሰፈሩ ልጆች እንደምንላቸው «እትዬ» ብዬ ልቀጥል።

ነገሩ ወዲህ ነው። በ2009 ዓ.ም. እትዬ ዕቁብ ደረሳቸው። የሱቃቸው አሮጌ ኮምፒዩተር ማመልከቻ ከመተየብ አልፋ ሌላ ሥራ አልሄድ ስላለቻቸው፣ ልጃቸውም የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ስለ ጀመረ፣ ጠንከር ያለ ለመግዛት አሰቡ። ለአዲስ አቅም አልነበረምና ከውጭ ከገቡት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች መካከል ሁለቱን አማረጥን። እኔ በዚህ ነገር ጥቂት አውቃለሁ ባይ ስለሆንኩ ተጠየቅሁ። የሁለቱን ፕሮሰሰሮች የፍጥነት ፈተና ውጤት ፈልጌ አየሁ፤ የአንደኛው ቁጥር ከፍ ያለ ነበር። «ይኼኛው ይሻላል እትዬ፤ ቁጥር አይዋሽም» አልኳቸው። ቃሌን አምነው 1,800 ብር ጨምረው ከፍ ያለውን ገዙ። የማን ሥሪት እንደነበረ ለጉዳያችን አያስፈልግም።

በማግሥቱ ዓመት፣ ልክ ገና ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2010 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 3 ቀን 2018 መሆኑ ነው)፣ ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉ ሁለት የፕሮሰሰር ጉድለቶች ለዓለም ተገለጡ። ያገኟቸው የጉግል የደኅንነት ተመራማሪዎች፣ የኦስትሪያው የግራዝ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሰዎችና ሌሎችም ነበሩ። ጉድለቱ የፕሮግራም ስሕተት ቢሆን ኖሮ ባልደነቀን ነበር፤ ይኼኛው ግን ፕሮሰሰሩ ፈጣን የሆነበት ዘዴ ራሱ ነበር።

ዘዴውን በቡና ቤት ምሳሌ ላስረዳ። ሁልጊዜ ጠዋት ማኪያቶ የሚያዝ ደንበኛ አለ እንበል። ደንበኛው በሩ ላይ ብቅ ሲል አሳላፊው ትእዛዝ ሳይጠብቅ ማኪያቶውን ያስቀዳል። ግምቱ ከሠመረ ጊዜ ተተረፈ፤ ደንበኛው «ዛሬስ ሻይ አምጣልኝ» ካለ ደግሞ ማኪያቶው ይደፋል፤ ማንም ምንም አላየ። ፕሮሰሰርም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ ወደየት እንደሚታጠፍ ገና ሳይታወቅ ገምቶ ይቀድማል፤ አንዳንዱም፣ «ይህን ምስጢር ለማየት ተፈቅዷል ወይ?» የሚለው ምርመራ ሳያልቅ ምስጢሩን ያነባል። ግምቱ ስሕተት ከሆነ፣ ወይም ፈቃድ ከሌለ፣ የሠራውን ይሽረዋል። ታዲያ ማኪያቶው ቢደፋም ብርጭቆው ሞቆ ይቀራል። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ የሚዳስስ ተንኮለኛ ቢመጣ፣ ምን ተቀድቶ እንደነበር ያውቃል። በፕሮሰሰሩ ውስጥ የሚሞቀው ብርጭቆ ካሽ የሚባለው ቅርብ ማኅደር ነው፤ ተንኮለኛው የሚዳስሰውም በጣት ሳይሆን፣ የትኛው መረጃ ቶሎ እንደሚመጣ ጊዜ በመለካት ነው። የይለፍ ቃልም ሆነ ሌላ ምስጢር በዚህ መንገድ ሊሾልክ ይችላል።

መድኃኒቱ ተገኘ፤ ግን ዋጋ ነበረው። አሳላፊውን «ሳትታዘዝ አትቅዳ» ወይም «ብርጭቆውን ሁልጊዜ እጠብ» ብትለው መዘግየቱ የት ይቀራል? ማይክሮሶፍት በዚያው ወር እንደገለጸው፣ በአዳዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም፤ በ2015 እ.ኤ.አ. አካባቢና ከዚያ በፊት ተሠርተው በዊንዶውስ 7 ወይም 8 በሚሠሩት ላይ ግን አብዛኛው ተጠቃሚ መቀዝቀዙን እንደሚያስተውል ይጠበቅ ነበር። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛው ማን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ2022 እ.ኤ.አ. የዙሪኩ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሬትብሊድ ያሉትን ሲገልጡ፣ የመከላከያው ዋጋ ከ14 እስከ 39 በመቶ እንደሚደርስ ለኩ። በ2023 እ.ኤ.አ. ዳውንፎል ሲመጣ ደግሞ፣ በአንዳንድ የሥራ ዓይነቶች ላይ ኪሳራው እስከ 50 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል ኢንቴል ራሱ አመነ።

እንግዲህ የካቲት ላይ እትዬ አስጠሩኝ። ማስተካከያው ከተጫነ ወዲህ ልጁ የሚያቀናብረው ቪዲዮ ከወትሮው ዘግይቷል። የሆነውን ሁሉ፣ ከነቡና ቤቱ ምሳሌ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝና፣ «ይኼ ሁሉ ይቆየኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ያኔ ዋሽተኸኛል ወይስ አልዋሸኸኝም?» አሉኝ።

አልዋሸሁም ለማለት አፌ ተከፈተ። ቁጥሩን ያየሁት እውነት ነው። የለካውም ሰው በትክክል ለክቷል። ኮምፒዩተሩም ያን ጊዜ በእርግጥ ያን ያህል ፈጣን ነበር። ታዲያ ውሸቱ የቱ ላይ ነው? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ስመላለስበት ቆይቻለሁ፤ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ ሐሰት ሳይሆን ሰውን የሚያሳስት ቁጥር አለ። ማትሪክ ሊፈተን ያለን ተማሪ አስቡ። ጥያቄዎቹን አስቀድሞ አግኝቶ መልሳቸውን ቢሸመድድ፣ ያመጣው ነጥብ የእሱ አይደለም አይባልም፤ ወረቀቱ ላይ የጻፈው እሱ ነው። ነጥቡ ግን ዕውቀቱን አይነግረንም። በኮምፒዩተር ዓለምም ይኸው ደርሷል። በ1988 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና የፍጥነት ፈተናዎችን የሚያወጣው ስፔክ የተባለ ድርጅት፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ከ2,600 በላይ ውጤቶችን ደንብ የጣሱ ናቸው ብሎ ምልክት አደረገባቸው። ምክንያቱም የኢንቴል ኮምፓይለር ከፈተናው ጥያቄዎች አንዱን አስቀድሞ ያወቀ ያህል፣ ለዚያ ጥያቄ ብቻ የሚበጅ ብልሃት ተሠርቶለት በመገኘቱ ነው። ቁጥሮቹ በእርግጥ ተለክተዋል፤ የገዢው የዕለት ሥራ ግን በዚያ ልክ አይፈጥንም።

ሁለተኛ፣ ዕዳውን የደበቀ ቁጥር አለ፤ የእትዬ ኮምፒዩተር ቁጥር ከዚህ ወገን ነው። ፍጥነቱ የተገኘው ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ ሳይጠናቀቅ ስለታለፈ ነበር። መሠረት ሳይጥል ቤት በቶሎ የጨረሰ ግንበኛ «በሁለት ወር ጨረስኩ» ቢል አልዋሸም፤ የጨረሰው ግን ቤቱን አይደለም። እርግጥ ነው፣ ከተመራማሪዎቹ በፊት ይህን አጥርቶ ያየ ሰው ስለመኖሩ ማስረጃ የለኝም፤ ያላወቀን ሰው ውሸታም ማለት ግፍ ነው። ካወቁ በኋላስ? ለአምራቾቹ የተነገራቸው በጁን 2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለሕዝብ የተገለጠው ከሰባት ወራት በኋላ። መድኃኒት ሳይዘጋጅ በሽታውን ማወጅ ለሌባ በር መክፈት ነውና ዝምታው ምክንያት አለው፤ ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን በእነዚያው ወራት ዕቃው በቀድሞ ቁጥሩ ይሸጥ ነበር። ለጥንቃቄ ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ዝም እያሉ መሸጥ ግን ሌላ ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ በ1994 እ.ኤ.አ. የፔንቲየም ፕሮሰሰር በማካፈል ላይ አንዳንዴ እንደሚሳሳት ቶማስ ናይስሊ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር ባጋለጠ ጊዜ፣ ኢንቴል በመጀመሪያ ቢያቅማማም ኋላ ለጠየቀው ሁሉ ሊቀይርለት ተስማማ፤ ለዚህም 475 ሚሊዮን ዶላር መደበ። በዚያን ጊዜ ዕዳውን የከፈለው ሻጩ ነበር። በ2018 ግን ዕዳው በመቶኛ ተሸንሽኖ በየቤቱ ለገዢው ደረሰ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ፣ ኢንቴል ከማስተካከያው ጋር ባወጣው የፈቃድ ውል ውስጥ ተጠቃሚው የፍጥነት ንጽጽር እንዳያሳትም የሚከለክል አንቀጽ ገብቶ ተገኘ። ጩኸት ሲበዛ በቀናት ውስጥ ተነሣ። ተነሣ እንጂ፣ ሚዛኑን ሻጩ ብቻ ይያዝ የሚል ሐሳብ መታሰቡ ራሱ ብዙ ይነግረናል።

ይህን ሁሉ ስል ግን ጣቴን ወደ ሩቅ አገር ቀስሬ እኔ ንጹሕ ልሆን አይደለም። እትዬ ያመኑት ፋብሪካውን አልነበረም፤ እኔን ነው። «ቁጥር አይዋሽም» ስል፣ ቁጥሩን ማን ለካው፣ መቼ፣ በምን ሥራ ላይ ብዬ አልጠየቅሁም። ቁጥሩ ስሕተት አልነበረም፤ የእኔ እርግጠኝነት ግን ያልመረመርኩት ነገር ነበር። ሰው ያልመረመረውን እንደ መረመረ አድርጎ ለሚያምነው ሰው ሲናገር፣ የተናገረው እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ከውሸት ጋር ዝምድና አለው።

ልጃቸው ግን ፍልስፍናዬን የሚሰማበት ጊዜ አልነበረውም። «ጋሼ፣ ማስተካከያውን ማጥፋት ይቻላል አሉኝ፤ አጥፋልኝና ሥራዬን ልሥራ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይቻላል። ለእንዲህ ያለች ትንሽ ሱቅ አደጋው ሰፊ አለመሆኑንም አውቃለሁ። ጉዳቱ በእሱ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ፣ በራሱ ዕቃ ላይ ምን አገባኝ? እጄ ወደ ኪቦርዱ ሄዶ ነበር። ያቆመኝ እስክሪኑ ላይ ተደርድሮ ያየሁት ነው፦ የሰው መታወቂያ፣ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የባንክ ደብዳቤ። የእነዚህ ወረቀቶች ባለቤቶች አራት ብር ከፍለው ኮፒ አስነሥተው ሄደዋል፤ የልጁን ቪዲዮ ለማፍጠን ምስጢራቸው ይጋለጥ እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። በራስ ገንዘብ መወራረድ ድፍረት ነው፤ በሰው አደራ መወራረድ ግን ሌላ ስም አለው።

ይህን ስናገር እትዬ ከወንበራቸው ተነሡና፣ «ተወው። የሰው ወረቀት ነው» አሉ። ልጁ አኮረፈ።

እኔም በበኩሌ ወደ ቤት ሄጄ 1,800 ብር አመጣሁ። እትዬ ብሩን ቆጥረው ግማሹን ወሰዱ፤ ግማሹን መለሱልኝ። «አንተም አላወቅህም፣ እኔም አልጠየቅሁህም። እኩል ነን» አሉ። እንቢ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ፍርዳቸው ከእኔ ፍርድ የተሻለ ስለመሰለኝ ተቀበልኩ።

ዛሬም ሰዎች «የትኛው ይፈጥናል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ቁጥሩን አይቼ እነግራቸዋለሁ፤ አልተውኩም። ግን ከቁጥሩ ጋር የተለካበትን ዓመት፣ ማስተካከያዎቹ ተጭነው መሆን አለመሆኑን፣ የለካውም ሻጩ ይሁን ሌላ ሰው አብሬ እናገራለሁ። አንዳንዱ ይሰለቸውና ወደ ሌላ አዋቂ ይሄዳል። ይሂድ። እኔ 900 ብር ከፍዬበታለሁ።