የአንድ ዓይን ፍርድ

በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ ለልጆችና ለቤተሰብ ሲታሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ክርክር «ሥዕሉ ልጁን ከንባብ ያሰንፈዋል ወይስ ወደ ንባብ ያቀርበዋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከበስተኋላው ሌላ የሚከብድ ጥያቄ አለ። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ገጹን ሲገልጥ ከቃሉ አስቀድሞ መልኩን ያያል፤ ማን ደግ ማን ክፉ እንደ ሆነም ሠዓሊው ወስኖ ይጠብቀዋል። «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይባላል፤ በሥዕላዊ ተረክ ግን የልጁ ዓይን ከማየቱ በፊት ፍርዱ ተሰጥቷል። እንግዲህ ሠዓሊ ጠላትን ለሕፃን እንዴት አድርጎ ሊሥል ይገባዋል?

ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መተረክ በአገሪቱ ረጅም ዕድሜ አለው። እንደ ዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉ የጣና ገዳማት የመቅደሱ ግድግዳ ማንበብ ለማይችለው ምእመን መጽሐፍ ሆኖ ኖሯል። ኋላም የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በሸራ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል ከፋፍለው፣ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ እያከሉ አቅርበዋል። በሰራት ደበበ የመሠረተው ዕጣን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ፈላጊ የሆነ ወጣት ምሩቅ ልዩ ኃይል ሲያገኝ የሚተርከውን «ጀምበር»ን ሲያወጣ፣ መልኩ አዲስ ይሁን እንጂ ሥሩ ከዚሁ አፈር የራቀ አልነበረም።

በዚያ ነባር የአሣሣል ሥርዓት ጻድቃን ሙሉ ፊታቸውና ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። የዓድዋን ጦርነት በሚያሳዩ ሸራዎች ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ከላይ ሲታይ፣ ከሥር የኢትዮጵያ ሠራዊት በሁለት ዓይን፣ የጣሊያን ሠራዊት በአንድ ዓይን ትይዩ ይቆማሉ። ወገንን ከጠላት ለመለየት ፊደል ማወቅ አያስፈልግም። ሥርዓቱን ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን አንድ ዓይን የዘር ምልክት አልነበረም። በመጨረሻው እራት ሥዕል ብዙ ጊዜ ይሁዳ በጎኑ፣ የቀሩት አሥራ አንዱ ግን በሁለት ዓይን ይሣላሉ። ይሁዳ ከእነርሱ ጋር አንድ ማዕድ የሚቆርስ ሰው ነበር፤ ከእነርሱ የለየው ትውልዱ ሳይሆን ሥራው ነው።

የዚህን ልዩነት ክብደት ለመረዳት ወደ ሌላ አገር ሥዕላዊ መጽሐፍ መመልከት ይበጃል። የቤልጅጉ ሠዓሊ ኤርዤ «ቲንቲን በኮንጎ» የተባለውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1931 በመጽሐፍ ሲያወጣ ኮንጎ በቤልጅግ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። በመጽሐፉ ውስጥ አፍሪካውያኑ ከንፈራቸው ተጋኖ፣ አንዱ ከሌላው ሳይለይ፣ ሁሉም እንደ ሕፃን አሳዳሪ የሚሹ ሆነው ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በብራስልስ አንድ የኮንጎ ተወላጅ በመጽሐፉ ላይ አቤቱታ አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገው። የሕግ ጉዳይ እንዲህ ቢዘጋም የኅሊናው ጉዳይ አልተዘጋም። ይሁዳ በጎኑ የተሣለው ባደረገው ነው፤ ኮንጎአዊው ግን ምንም ሳያደርግ፣ በመወለዱ ብቻ ተፈርዶበታል።

ተከታታይ ሥዕል ከአንድ ሸራ የሚበልጥበት ኃይል የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ሸራው አንዲቱን ቅጽበት ይዞ ይቀራል፤ በአንድ ዓይን የተሣለው ለዘለዓለም በአንድ ዓይን ይኖራል። በሥዕላዊ ተረክ ግን ከአንዱ ክፍል ወደ ቀጣዩ ጊዜ ያልፋል፤ በመጀመሪያው ገጽ በጎኑ የታየ ሰው በአሥረኛው ገጽ ፊቱን ሊመልስ ይችላል። በአማርኛ «ተመለሰ» የሚለው ቃል የአካልን መዞርና የልብን ጸጸት አንድ አድርጎ መያዙ ያለ ምክንያት አይደለም።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እንጅባራ ሰፊ ርእሰ ጉዳይ አላት። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በከተማዋ በሚያከብረው በዓል ፈረስ በዓድዋ ዘመቻ የዋለውን ውለታ ያስታውሳል። ያጌጡትን ፈረሶች ያየ ልጅ «ወዴት ዘመቱ? ማንን ገጠሙ? ከዚያስ ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ በአገውኛና በአማርኛ ጽሑፍ ታጅቦ በተከታታይ ሥዕል ቢዘጋጅ፣ ማንበብ የማትችል አያት ሥዕሉን እየተከተለች ትተርካለች፤ በትምህርት ቤት አገውኛን በግእዝ ፊደል የተማረው የልጅ ልጇ ደግሞ ቃሉን ያነብላታል። የቤተሰብ ንባብ ማለት ይህ ነው።

ከሦስቱ ጥያቄዎች የሚከብደው «ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚለው ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተማረኩት ጣሊያኖች ወደ መሐል አገር ተወሰዱ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ውል ከተፈረመ በኋላም ወደ አገራቸው እንዲገቡ ተደረገ። በውጊያው ዕለት በአንድ ዓይን የተሣለው ወታደር ከመሣሪያው ተለይቶ፣ ከማረከው ሰው እጅ እህል ውሃ ሲቀበል በስንት ዓይን ይሣል? በሌላ በኩል ከጣሊያን ጎን ተሰልፈው የተማረኩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የኤርትራ ተወላጆች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ይህን የፈጸመውስ በስንት ዓይን ይሣል? የድሉ ታላቅነት በዚህ አይጎድልም። ይሁን እንጂ ይሁዳን በጎኑ የሣለ ሥርዓት ለራሱ ከታመነ፣ ቢያንስ ለዚያች አንዲት ክፍል የወገንንም ፊት በጎን መሣል ግድ ይለዋል።

«ሕፃን ይህን ሁሉ አይችልም፤ ለእርሱ ደግና ክፉ ተለይቶ ይቅረብለት» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ በተረት ጅብ ጅብ፣ በግ በግ ባይሆን ልጅ ከምን መጠንቀቅ እንዳለበት ባልተማረ ነበር። ወራሪን ከተወራሪ አለመለየትም ፍትሕ አይደለም። ነገር ግን ክፉ ሥራን በግልጽ ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ክፉው ከቶ የማይመለስ፣ ደጉም ከቶ የማይስት አድርጎ መሣል ሌላ ነገር ነው። ለሕፃኑ አእምሮ የሚከብደው ገጽ ሲመጣም ከጎኑ አዋቂ ሊኖር ይገባል። መጽሐፉ ለልጅ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰብ መሆን ያለበት ስለዚህ ነው።

ነገሩ የጥበብ ሰዎች ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የቅርብ ዘመን ይመሰክራል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተካሂዷል፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀስቅሷል። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ሕፃናት «ጠላት» የሚለውን ቃል ከፊደል አስቀድመው ሰምተዋል። ያ ጠላት የተባለው ደግሞ የባሕር ማዶ ሰው አልነበረም፤ እንደ ይሁዳ ከአንድ ማዕድ የቆረሰ ነበር። በልጁ ልቡና ውስጥ ያ ሰው በአንድ ዓይን ተሥሎ ከቀረ ነገ እርቅ ቢወርድ እንኳ የሚታረቀው ፊት አይገኝም።

ስለዚህ የባህል ሥራ ኃላፊው መጽሐፉን ሲያሳትም፣ መምህሩ ወደ ክፍል ሲያስገባው፣ ሠዓሊውም ብሩሹን ሲያነሣ ሊጠይቁት የሚገባው የሥዕሉን ማማር ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ገጽ በጎኑ የቆመው ሰው ፊቱን የሚመልስበት ቦታ ተትቶለታልን? ቦታው ከተተወ፣ ሰውየው ባይመለስ እንኳ ልጁ መመለስ እንደሚቻል አውቆ ገጹን ይገልጣል።