የናቡቴ ርስትና የጭላሎ ግርጌ

ቤት የሚገዛ ወይም የሚያከራይ ሰው፣ ካርታውን አይቶ፣ ውሉን አስመዝግቦ፣ ምስክሮቹን አስፈርሞ፣ ማኅተሙም በወረቀቱ ላይ ካረፈለት በኋላ፣ በሰው ፊት ባለመብት እንደ ሆነ ሁሉ በእግዚአብሔርም ፊት ባለመብት ነውን? በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈው የናቡቴ ነገር ይህን ጥያቄ ቀድሞ አንሥቶታል። ኤልዛቤል የኢይዝራኤላዊውን የናቡቴን ዐጸደ ወይን ለባሏ ለንጉሥ አክዓብ ስታስወስድለት ሽፍታ አልላከችም፤ በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጻፈች፣ በማኅተሙ አተመች፣ የከተማውን ሽማግሌዎችና መኳንንት አዘዘች፣ ሕግ በሚጠይቀውም ቍጥር ሁለት የሐሰት ምስክሮችን አስቆመች፤ የሥርዐቱ መልክ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ የጎደለው ርትዕ ነበረ።

የአርሲ ደጋ ይህን ከራሱ ታሪክ ያውቀዋል። በስዊድን ርዳታ የቆመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ ካዱ የሚለው፣ በ1960 ዓ.ም. ገደማ አሰላን ማዕከል አድርጎ ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ማዳረስ ሲጀምር፣ ሐሳቡ ድኻውን አራሽ መርዳት ሆኖ ሳለ፣ መሬቱ ከምርቱ ጋር ስለ ተወደደ፣ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ፣ ከአባቶቻቸው ጀምረው በቃል ስምምነት የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ እየከፈሉ ይኖሩ የነበሩትን ጭሰኞች ያስለቅቁ ጀመር። ባለመሬቱ የርስት ወረቀትና የግብር ደረሰኝ ነበረው፤ ጭሰኛው አንዳች አልነበረውም፤ ዳኛ ፊት ቢቀርቡ ማን እንደሚረታ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። የጭሰኛውን ይዞታ ሊያሻሽል የታሰበው ረቂቅ ሕግም በፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ያለ ካሣ ሲወረስ፣ በዚያው ዓመት በሐምሌም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲከተለው፣ ያ ሁሉ ወረቀት በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። አዋጁን በሙሉ ጽድቅ ነው አልልም፤ በላቡ የሠራት አንዲት የኪራይ ቤት የተወሰደችበትም ሰው ነበርና። ነገር ግን በመሬቱ ላይ የቆመውን ሰው ሳይመረምሩ ወረቀቱን ብቻ የመረመሩ ሰዎች፣ ከሁሉ የሚበልጠውን አደጋ ሳያዩ እንዳለፉ አምናለሁ።

ዛሬ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። ይሁንና በከተሞቻችን ዳርቻ በድብቅ በሚጻፉ ውሎች ወረቀቱ «ቤቴን ሸጥሁ» ይላል፣ በቦታው ላይ የሚታየው ግን ገብስ ነው፤ ገበሬው አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ያትማል፤ በይዞታ ደብተሩ ላይ ስሟ አብሮ የሰፈረው ሚስቱ ቡና ታቀርባለች እንጂ የሚጠይቃት የለም። እንዲህ ያለው ውል በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 1723 ፊት አይቆምም፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቍጥር 21448 ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል እንደማይጸና ወስኗል። የ1992ቱ የፌዴራል ቤተሰብ ሕግም የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ከዚህ ሌላ፣ እገዳ፣ የባንክ መያዣና ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ መኖራቸውን ከመዝገቡ ማጣራት የማንኛውም ገዥ ግዴታ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ወረቀትን አይንቁም። ኤርምያስ የዓናቶትን እርሻ ሲገዛ የታተመውንና ያልታተመውን ውል በሸክላ ዕቃ አስቀመጠ፤ በአርሲ ብዙ የሆኑት ሙስሊም ወንድሞቻችንም የሚያነቡት ቅዱስ ቁርኣን ዕዳ በጽሑፍና በምስክር እንዲጸና ያዝዛል። አብርሃም ግን ከዚህም አልፏል፤ ምድሪቱ በተስፋ የተሰጠችው ሳለች፣ ለሣራ መቃብር የሚሆነውን ቦታ በነጻ ውሰድ ሲሉት እንቢ ብሎ፣ ባለቤቱ የጠራውን 400 ሰቅል ብር ሳይከራከር መዘነ፤ እርሻው፣ ዋሻውና በወሰኑ ያለው ዛፍ ሁሉ በከተማዪቱ በር በተሰበሰቡት ፊት ጸናለት። በአሰላ ዙሪያ ቤት የሚገዛ ሰውም፣ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት፣ ቡና የምታቀርበውን ሴት አስቀምጦ ፈቃዷን ከአፏ ይስማ፤ ቤቱ ውስጥ ተከራይ ካለም፣ እስከ መቼ እንደ ተከራየና ወዴት እንደሚሄድ ራሱን ይጠይቀው።