በጥቂቱ ስለ መታመን
(ከስፖርት ዕቃችን የተማርነው)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፤ ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ለአንዳንዶቻችን ለትምህርት የሚበቃ አይመስልም ይሆናል። ስለ ኳስ፣ ስለ ማሊያና ስለ መረብ ነውና። ሆኖም በትንሹ ነገር የታመነ በብዙም እንደሚታመን ጌታችን አስተምሮናል (ሉቃ. 16፥10)። ትንሹ ነገር ደግሞ ዘወትር በእጃችን ያለው ነው።

ባለፈው ሰኔ በዝናብ ተጫውተን ስንጨርስ ኳሱን ከነጭቃው፣ ማሊያውንም ከነላቡ በአንድ ጆንያ ከትተን ዕቃ ቤት ወረወርነው። ክረምቱንም ወደየቤተሰቦቻችን ተበተንን። መስከረም ላይ ጆንያውን ስንፈታ ማሊያው ሻግቷል፤ የኳሱም ቆዳ ደርቆ ተኮማትሯል። እኛ ግን ላይ ላዩን ጠርገን ለታናናሾቻችን ሰጠናቸው። አንድ ሕፃን ገና ሲመታው ስፌቱ ተተረተረ። «ድንጋይ ላይ መትተህ አበላሸኸው!» ብለን በጓደኞቹ ፊት ተቆጣነው። ልጁ እያለቀሰ ሄደ፤ ሁለት እሑድም ከትምህርት ቀረ።

ኳሱን ለማሰፋት ወደ ጫማ ሰፊ ስንወስደው እውነቱ ተገለጠ። ሰውየው ክሩን በጣቱ ሳብ እያደረገ በጠሰና፣ «ልጆች፣ ይህ እኮ በእርጥበት የበሰበሰ ነው» አለን። ጥፋቱ የእኛ፣ ዕንባው የሕፃኑ ሆነ። ኳሱ የተገዛውም እነዚያው ሕፃናት ጭምር ሳንቲም አዋጥተው ነበር።

ወንድማችን በእኛ ማዘኑን ካሰብን፣ መባችንን በመሠዊያው ፊት ትተን አስቀድመን እንድንታረቅ ታዘናል (ማቴ. 5፥23-24)። ስለዚህ ከእሑዱ መርሐ ግብር በፊት ወደ ልጁ ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። የተቆጣነው በጓደኞቹ ፊት ነበርና ይቅርታውንም በእነርሱ ፊት ደገምነው።

ንስሐ ግን ፍሬ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ተረኞች መድበናል። ጭቃው ሳይደርቅ ኳሱን በረጠበ ጨርቅ እንጠርጋለን፤ በጥላና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ እናደርቃለን። ፀሐይ ላይ ወይም እሳት አጠገብ የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃልና። የእግር ኳስ ሕግ የሚፈቅደው የኳስ ክብደት ከ410 እስከ 450 ግራም ነው፤ ውኃ የጠጣ የቆዳ ኳስ ግን ከዚህ አልፎ በጭንቅላት ለሚመታው ልጅ አደገኛ ይሆናል። መንፊያውን መርፌ ሳናረጥብ ወደ ኳሱ አፍ አንከትም፤ ደረቅ መርፌ የውስጡን ጎማ ይቀዳልና። ማሊያውን በዕለቱ እናጥባለን። እርጥብ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ እንወትፋለን፤ ካልሲ አንዋዋስም፤ በእግር ጣቶች መካከል የሚወጣው ፈንገስ የሚተላለፈው በዚህ ነውና። የመረብ ኳሱንም መረብ ገመዱን አላልተን፣ አድርቀን እናጥፋለን።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ከበሮአችንን ካገለገልንበት በኋላ በክብር በቦታው እናስቀምጣለን። ኳስ ንዋየ ቅድሳት አይደለም፤ እኩል እናክብረው አንልም። ነገር ግን ሁለቱንም የሚይዘው አንድ እጅ ነው። «የጋራ ነው» ብሎ የጋራውን የሚጥል እጅ ነገ የሕዝብን ንብረት፣ የድኾችን አደራ ቢረከብ እንዴት ይጠብቀዋል? ጌታችን አምስቱን ሺህ ሕዝብ ካጠገበ በኋላ እንኳ የተረፈው ቍርስራሽ እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዟል (ዮሐ. 6፥12)። ሁሉን ማድረግ የሚችለው አምላክ ቍራሽ ካላባከነ እኛ በሕፃናት ሳንቲም የተገዛውን እንዴት እናባክናለን?

እንግዲህ በሚመጣው ቅዳሜ ዕቃ ቤቱን አብረን እናጽዳ። ያ ሕፃንም እንደሚመጣ ነግሮናል፤ ከእርሱ ዘግይተን እንዳንገኝ!

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።