ከመቃብር በላይ የሚቀረው ምንድን ነው?



ሽማግሌዎች ሲመርቁ «ከመቃብር በላይ የሚውል ስም ይስጥህ» ይላሉ። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልመረምረው የምፈልገው ጥያቄ ይህን ምርቃት የሚመለከት ነው። ይኸውም የሰው መልካም ሥራ የሚታሰበው በስሙ ብቻ ነውን? ስሙ ቢረሳስ ሥራው አብሮ ይጠፋልን? የሚል ነው።

ጥያቄውን ያነሣሡብኝ አንዲት የሰፈራችን እናት ናቸው። እኒህ እናት በወጣትነታቸው እዚሁ ናዝሬት ኦፕራሲዮን ሆነው ከሞት የተረፉ ናቸው። አንድ ቀን ቡና ተፈልቶ ሳለ፣ «እማማ፣ ኦፕራሲዮን ያደረገዎት ሐኪም ማን ይባል ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ስሙን የት አውቄ ልጄ! ፈረንጅ ነበር። እጁ ግን መድኃኒት ነበር» አሉኝ።

እኔም በልቤ ፈረድሁባቸው። ነፍሱን ያተረፈለትን ሰው ስም የማያውቅ ምን ምስጋና ያውቃል አልሁ። ከዐሥሩ ለምጻሞች ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ብቻ እንደ ነበረም ትዝ አለኝ። ነገር ግን ነገሩን ባሰላሰልሁት መጠን ፍርዱ ወደ ራሴ ተመለሰ። እኔስ በደጁ የማልፈውን ሆስፒታል ታሪክ መቼ ጠይቄ አውቃለሁ?

ይህ ሆስፒታል በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከአሜሪካ በመጡ የሜኖናይት ሚሲዮናውያን የተከፈተ ነው። ቤቱ ቀድሞ የጥጥ መዳመጫ ነበር። በ1930 ዓ.ም. በጦር ሜዳ የወደቁትን የሸዋ አርበኛ ለማስታወስም «የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል» ተባለ። ሐኪሞቹ ከማከም ጋር የአገር ልጆችን በድሬሰርነት ያሠለጥኑ ነበር። ዛሬ ሆስፒታሉ በአዳማ ስም ይጠራል፤ ናዝሬት ስትባል የኖረችውም ከተማ አዳማ ተብላለች። እንግዲህ የሆስፒታሉም የከተማውም ስም ሲለወጥ ያልተለወጠው በማለዳ በደጁ የሚሰለፈው በሽተኛና እርሱን የሚቀበለው እጅ ነው።

«የእጅ ሥራ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋልን?» የሚል ቢኖር የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ታሪክ ያስብ። ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራሊያ መጥተው በአዲስ አበባ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። እዚያም ፊስቱላ የሚባለውን ጉዳት አዩ። ምጥ ለቀናት ሲጠናና ሐኪም በአጠገብ ሲጠፋ፣ የሕፃኑ ራስ በወሊድ መንገድና በፊኛ መካከል ያለውን ሥጋ ተጭኖ ደም ያሳጣዋል፤ ሥጋው ሞቶ ይቀደዳል፤ ሽንትም ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ ይሞታል፤ እናቲቱም ከሰው ትገለላለች። ማሚቱም በልጅነቷ ይህ ደርሶባት ወደ እነርሱ ከመጡት አንዷ ነበረች። ከታከመች በኋላ እዚያው ቀረች። መጀመሪያ አልጋ ታነጥፍ ነበር፤ ከዚያ በኦፕራሲዮን ክፍል መሣሪያ ማቀበል ጀመረች፤ ዶክተር ሬጂናልድም ቀስ በቀስ መስፋትን አስተማሯት። ማንበብና መጻፍ ሳትችል የተካነች ቀዳጅ ሐኪም ሆነች፤ ፊደልን ኋላ በማታ ትምህርት ቤት ተማረች። ከውጭ አገር የመጡ ሐኪሞችም ከእርሷ እጅ ተምረዋል። በ1989 እ.ኤ.አ. የለንደኑ የቀዳጅ ሐኪሞች ኮሌጅ ከሃምሊኖች ጋር በወርቅ ሜዳልያ አከበራት።

ዶክተር ሬጂናልድ በ1985 ዓ.ም.፣ ዶክተር ካትሪንም በ96 ዓመታቸው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ዐረፉ። በእነርሱ ሆስፒታል ከ60,000 የሚበልጡ ሴቶች ታክመዋል። ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ በየገጠራቸው የሐኪማቸውን ስም በትክክል መጥራት የሚችሉ አይመስለኝም። ሆኖም ደረቅ ልብስ ለብሰው ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣታቸው ራሱ መታሰቢያ አይደለምን?

አንድ ወዳጄ ይህን ሳወራው፣ «እንግዲያስ ስም ከንቱ ከሆነ ስለ ሙታን ለምን እንጽፋለን?» ሲል ተቃወመኝ። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ስሙን ብናነሣ ወይም ብንረሳ ለሞተው የሚጨምርለትም የሚቀንስበትም የለም፤ የምንጎዳው እኛ ነን። ማን እንደ ደከመልን ካላወቅን፣ ጤናችን እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ይመስለንና ለማንም ዕዳ የለብንም ማለት እንጀምራለን። ዕዳው ግን አለ። የሚከፈለውም ለሞተው ሐኪም ሳይሆን ከእኛ በኋላ በዚያ ደጅ ለሚሰለፈው ነው። ስለዚህ ስምን መርሳት ይቅር የሚባል ድካም ነው፤ ዕዳን መርሳት ግን ውለታ ቢስነት ነው።

በዚህ ሐሳብ ተጽናንቼ ወደ እኒያ እናት ተመለስሁና ስለ ፈረድሁባቸው በልቤ እያፈርሁ፣ «እማማ፣ በዚያን ጊዜ ከሐኪሙ ሌላ የሚያስታውሱት ሰው አለ?» አልኋቸው። ፊታቸው በራ። ሌሊት ሌሊት እየመጣ ቁስላቸውን የሚጠርግላቸውን፣ ውኃ ሲከለከሉ ከንፈራቸውን በጥጥ የሚያርስላቸውን የአገር ልጅ ድሬሰር ስም ከነአባቱ ነገሩኝ። በየዓመቱም በጸሎት ያነሡታል።

እኔ የጠየቅሁት ስለ ቀደደው ብቻ ነበር። እርሳቸው ግን ምስጋናን ከእኔ ይልቅ ያውቁ ነበር።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በየቤታችን ያሉትን አረጋውያን ሳይለዩን እንጠይቃቸው። የዋናውን ሐኪም ስም ብቻ ሳይሆን፣ አንሶላ ያጠበችውንም፣ ሌሊት የነቃውንም እንጠይቅ። የዚያን ድሬሰር ስም በደብተሬ ጽፌዋለሁ። የቀረኝ ዕዳውን መክፈል ነው።