በጨለማ ስለሚሠራ ድር

በካምፓላ ከተማ፣ ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር፣ ብዙ ወገኖቻችን በስደት ይኖራሉ። እነርሱን ልንጎበኝ በሄድን ጊዜ አንዲት እህት ኑሮዋን አጫወተችን። ሰው ሁሉ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ እርስዋ የመሥሪያ ቤት ወለል ልታጥብ ትወጣለች፤ ጧት ሠራተኞቹ ሳይመጡ ሥራዋን ጨርሳ ትሄዳለች። «ቄስ፣ እስከ ዛሬ ፊቴን ያየ የለም። ማንም የማያየው ድካም ዋጋ አለውን?» ብላ ጠየቀችን። እኛም «እግዚአብሔር ያያል» ብለን ፈጥነን መለስንላት። እርስዋ ግን አንገትዋን ደፍታ ዝም አለች። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከተለናል።

ነገሩን ስናወጣና ስናወርድ ስለ አንዳንድ የዋሻ ሸረሪቶች ያነበብነው ትዝ አለን። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲሉ የድርን ኃይል በኅብረት አይተውታል፤ ኢዮብ ምዕራፍ 8 ደግሞ የድርን ደካማነት ያስታውሰናል። እኛ ግን ለብቻዋ በጨለማ ስለምትሠራው ሸረሪት እናስብ።

ሊቃውንት ቴሌሚዴ ብለው የሚጠሩት የሸረሪት ቤተሰብ አለ። አካላቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ እግራቸው ግን ረጅምና ቀጭን ነው። የብዙ ሸረሪቶች ሳንባ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደራረበ ሲሆን፣ እነዚህ ያ ሳንባ የላቸውም፤ በቀጫጭን ቧንቧዎች ይተነፍሳሉ። አብዛኞቹ ሸረሪቶች 8 ዓይኖች አሏቸው፤ የእነዚህ 6 ነው፤ በጥልቅ ዋሻ ከሚኖሩት አንዳንዶቹም ጨርሶ ዓይን የላቸውም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ዓ.ም. ሲሞን የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በፒሬኔ ተራሮች ዋሻ የምትኖር ዓይን የሌላትን ሸረሪት ገለጠ። በ1921 ፋዥ የተባለው ሊቅ ከምሥራቅ አፍሪካ ዘመድዋን አስታወቀ፤ በ2017 ደግሞ ከኡጋንዳ ጎረቤት ከኬንያ ሌላ ተጨመረች።

ብርሃን በሌለበት ዓይን አይጠቅምምና ከብዙ ትውልድ በኋላ ጠፋ። ድሩ ግን አልጠፋም። ሸረሪትዋ በእርጥቡ ድንጋይ መካከል ድርዋን ትዘረጋለች፤ ታናሽ ነፍሳት በነካው ጊዜም መንቀጥቀጡን በእግርዋ ታውቃለች። ድሩ መልካም የሚሆነው ሰው ስላደነቀው አይደለም፤ የተዘረጋለትን ነገር ስለሚፈጽም ነው። እንዲሁም የታጠበ ወለል ተመልካች ባይኖረውም ንጹሕ ነው። እንግዲህ የእኅታችን ድካም ዋጋው ከሰው ዓይን የተበደረ አይደለም።

ነገር ግን ምሳሌው ከዚህ አያልፍም። ሸረሪት ብቻዋን ብትኖር አይከፋትም፤ ሰው ግን በስሙ ሊጠራ የተፈጠረ ነው። ደግሞስ ዓይኑ የጠፋ ማን ነው? በሌሊት የምትሠራው ናትን? አይደለችም። ጧት በንጹሑ ወለል ላይ እየተራመድን ማን እንዳጠበው የማንጠይቅ እኛ ነን። ዓይን በጨለማ ቢጠፋ ስለ ምን ይደንቃል? በብርሃን መካከል ሲጠፋ ግን ያሳፍራል።

«እግዚአብሔር ያያል» ማለታችን እውነት ነበረ፤ ነገር ግን እኛ ላለማየታችን መሸፈኛ አደረግነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የድሀው ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈል ታዟል፤ ያዕቆብም የአጫጆች ደመወዝ እንደሚጮኽ ይናገራል። ሰማይ ያያል የሚል ሰው በምድር ከመክፈልና ከማመስገን ነጻ አይወጣም። ይልቁን እርሱም እንዲያይ ግድ ይሆንበታል።

ያን ማታ ልንላት የሚገባን፣ «ደመወዝሽ በጊዜው ይደርስሻልን? ጧት ስትመለሺ የሚቀበልሽ ማን ነው?» የሚል ነበር። ይህን ስንጽፍ ሌላ ጥያቄ መጣብን፦ የራሳችንን ቤተ ክርስቲያን ወለል ቅዳሜ ማታ የሚጠርገው ማን ነው? ስሙን አላወቅነውም። በሚመጣው ቅዳሜ ሄደን እንጠይቀዋለን፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።